አርብ ቀን ያጠፋሁት ሻማ

ልጄ በገዛ እጄ በይጄ የሠራሁትን የሐኑካ መብራት ከቤቴ አውጥታ ቸስተርሚር ከተማ፣ ባሏ ቤት ወሰደችው። ነገሩ ይኼ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ነው እንጂ ለማለሳለስ አይደለም።

እኛ ጎንደር ሳለን ሐኑካ የሚባል የአይሁድ የሻማ በዓል አናውቅም ነበር። ቄሶቻችን ያስተማሩን የሙሴን ሕግ ነው፤ ሐኑካ ከዚያ በኋላ የመጣ ታሪክ ስለሆነ ቤተ እስራኤል ጋ ሳይደርስ ቀረ። እኔ በዓሉን ያወቅሁት በሱዳን በኩል ወጥቼ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከገባሁ ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ያሳወቀችኝም ልጄ ናት። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ከምኩራቡ የእሑድ ትምህርት ቤት መጥታ "አባዬ፣ የኛ ቤት መብራት የት አለ?" አለችኝ። የሁሉም ልጆች ቤት አለ፣ የኛ ቤት የለም።

በዚያን ጊዜ ኦግደን የሚባለው ሰፈር፣ ከባቡሩ ግቢ አጠገብ ያለ ወርክሾፕ ውስጥ እበይድ ነበር። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ባላገሩ ማረሻውን በሱ ያሠራና ዞር ሲል ቡዳ ይለዋል። ብረት ስለዚህ አይቸግረኝም። ከቁርጥራጭ ብረት ዘጠኝ ሻማ የሚይዝ መብራት ሠራሁላት። ስምንቱ ለስምንቱ ቀን፣ በየቀኑ አንድ እየተጨመረ የሚበራ፣ ዘጠነኛው ሌሎቹን ማቀጣጠያ። እንዳይቧጭራት ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩት። አቢዴል ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን መስኮት ላይ አስቀመጥነው፤ ሃያ ዓመት እዚያው ቆመ።

የማበራው እኔ ነኝ። ጸሎቱ በዕብራይስጥ ነው፣ እኔ ደግሞ በአርባ አራት ዓመቴ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ልጄ ጸሎቱን በቃሏ ስትለው፣ እስከ ስድስተኛ የተማረችው ሚስቴ በአማርኛ ፊደል ጻፈችው፤ እኔ ያንን ወረቀት ለማንበብ ስል ከሚስቴ ጋር ሀ ሁ ጀመርኩ። ሰው ለሥራ ይማራል፣ ለመንጃ ፈቃድ ይማራል። እኔ የተማርኩት አባቴ ሰምቶት ለማያውቅ በዓል፣ ለሷ ብዬ ነው። ይኼን ልብ በሉልኝ።

አሁን ስለ አርብ ልናገር። አባቴ አርብ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ወናፉን ያስቀምጥና ምድጃው ላይ ውኃ ይደፋል። እናቴም የቤቱን እሳት ታጠፋለች። ሰንበት ሲገባ በቤተ እስራኤል ቤት ፍም አይገኝም፤ ምግቡ ቀዝቃዛ ነው፣ ቤቱ ጨለማ ነው። ከፈረንጅ አይሁዶች የምንለየው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ሰንበት ሳይገባ ይለኩሱና እየነደደ ይገባባቸዋል። ለነሱ ክልክሉ መለኮሱ ነው፣ ለኛ መንደዱም ነው።

ሐኑካ ስምንት ቀን ስለሆነ አንድ አርብ የግድ ይገባበታል። ሃያ ዓመት ያንን አርብ ያለ ጠብ ያለፍነው ሻማው አጭር ስለነበር ብቻ ነው። ከሱቅ የምንገዛው ቀጭኑ፣ ባለቀለሙ፣ ግማሽ ሰዓት ነዶ የሚያልቀው። አርብ ከሺፍት በጊዜ እወጣና ዘጠኝ ሰዓት ላይ እለኩሳለሁ፤ ፀሐይ ሳትገባ በራሱ ያልቃል። አልዋሸሁም፣ የጠየቀኝም የለም። ልጄ አባቴ ደክሞት ነው የሚቸኩለው ትል ነበር አሉ።

ከዚያ አገባች። አማቼ እዚሁ ካልጋሪ የተወለደ ፈረንጅ አይሁድ ነው። ክፉ ነው አልልም። ልጄ አስተምራው ጋሼ ይለኛል። ባለፈው ዓመት የሐኑካዋ አርብ በሦስተኛው ሻማ ቀን ዋለች። እናትና አባቱን ይዞ መጣ፣ ሻማም ይዞ መጣ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ረጅም።

"ጋሼ፣ ያቺ ትንሿ ለአርብ አትሆንም። ከመሸ በኋላም መንደድ አለበት" አለኝ።

ምን ልበል፣ እንግዶች ቆመዋል። አሥር ሰዓት ላይ ለኮስኩ፣ ጸለይኩ፣ እነሱ ዘፈኑ። ከዚያ ሁሉም የድንች ጥብስ ሊበሉ ወደ ኪችን ገቡ። እኔ መስኮቱ ጋ ቀረሁ። ፀሐይዋ የጎረቤቱ ጣሪያ ላይ ደረሰች። ሻማው ገና ሩቡ አልነደደም። ጣቴን በምላሴ አርሼ ሦስቱንም ማቀጣጠያውንም አንድ በአንድ ቆንጥሬ አጠፋኋቸው።

ጭሱ ኪችን ድረስ ሸተታቸው። ልጄ ቀድማ መጣች።

"አባዬ፣ ዋት ዲድ ዩ ዱ?"

"ሰንበት ሊገባ ነው። አጠፋሁ።"

"ኖ፣ ኖ፣ አይጠፋም እኮ። ፋሚሊው እዚህ እያለ… ሶ ኢምባራሲንግ።"

"የኔም ፋሚሊ ከቅድመ አያቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያደርገው።"

አማቼ ከኋላዋ ቆሞ፣ "ጋሼ፣ እሳት ካልተፈቀደ ታች ቤዝመንት የሚነደው ፈርነስስ?" አለኝ።

ይኼን ራሴን ጠይቄው መልስ አጥቼለታለሁ። ውጭው ቧንቧ የሚያፈነዳ ብርድ ነው፤ ቤቱን የሚያሞቀውን ፈርነስ አላጠፋም፣ አጥፍቼም አላውቅም። ግን በገዛ ሳሎኔ በእንግዳ ፊት ሲጠይቀኝ ደሜ ፈላ።

"አንተስ ማታ በምን ልትሄድ ነው፣ በበቅሎ? መኪናህ ሞተር ውስጥ የሚነደው ምንድን ነው?"

ሚስቴ ሳቀች። ሌላ የሳቀ የለም። የአማቼ እናት እንግሊዝኛዬ የማይደርስባት መስሏት ወደ ልጄ ጠጋ ብላ፣ አትቆጪው፣ ከየት ያውቀዋል፣ አለቻት። ገብቶኛል። ልጄ ምን እንደምትል ጠበቅሁ።

"አዎ፣ አባቴ ሐኑካን አያውቀውም" አለች።

ይኼን ካለች በኋላ መብራቱን አነሣችው። ሰሙ ገና አልረጋም፤ በፌስታል ከተተችው።

"የት ነው የምትወስጂው?"

"ለኔ ነው የሠራህልኝ። የኔ ነው።"

እውነቷን ነው፣ ለሷ ነው የሠራሁት። ቢሆንም።

ዓመቱን ሙሉ ቸስተርሚርን አልረገጥኩም። ስትደውል የምታነሣው እናቷ ናት።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ናት፣ አናግራት።"

"ጆሮዬን አሞኛል በያት።"

"ጆሮውን አሞታል" ትላታለች፣ "ምላሱ ግን ደኅና ነው።"

በኅዳር ደብዳቤ ጻፍኩላት። በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው። ለሁለት ገጽ አራት እሑድ ፈጀብኝ። አባቴ ምድጃው ላይ ስለሚደፋው ውኃ ጻፍኩ፣ ስለ አጭሩ ሻማ ጻፍኩ፣ የባሏን እናትም እንደሚገባት ጠቀስኳት። በፖስታ ላክሁት። ልጄ ሁለት ዲግሪ አላት፣ አንድ የአማርኛ ፊደል አታውቅም፤ ያላስተማርናት እኛ ነን። ደብዳቤውን ፎቶ አንሥታ ለእናቷ ላከችላትና እናቷ በስልክ አነበበችላት። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ የጻፍኩትን እሰማለሁ። አንድ ቦታ ላይ ዘለለች።

"ሴትዮዋን ያልኳትን አላነበብሽም" አልኳት።

"ፎቶው ደብዝዞ ነው" አለች፤ አንገቷን ቀና አላደረገችም።

ሲያልቅ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። ተቀበልኩ።

"አባዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት የምናበራው ለዚያ ነበር?"

"ለዚያ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝም።"

ከዚያ፣ "ያን ቀን አያውቀውም ያልኩት…" ብላ ጀመረች።

"ብለሻል።"

"መብራቱ እኔ ጋ ይሁን" አለች። "አርብ ይዤው እመጣለሁ። አርብ ያንተ ነው። ታበራለህ፣ ታጠፋለህ፣ ማንም አይናገርህም። የባሌን እናትና አባት አላመጣም።"

ከስምንት ቀን አንዷን ሰጠችኝ። እኔ የፈለግሁት ግን እሱን አልነበረም። አያውቀውም ያለችውን በዚያች ሴት ፊት ተሳስቼ ነው እንድትል ነበር የፈለግሁት። ያ እንደማይሆን ከድምፅዋ አወቅሁ። ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው። እሺ አልኩ።

ከባሏ ጋር መጡ። ያመጣችው አጭሩን ሻማ አይደለም፣ ያንኑ ወፍራሙን ነው፤ ሳጠፋው ባሏ እንዲያይ ፈልጋ ነው መሰለኝ። አልጠየቅኋትም። ስድስቱን ለኮስኩ፣ ከወረቀቴ ጸለይኩ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አጠፋሁ። አማቼ መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ። አምፖሉንም አጠፋን። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ቀዝቃዛ ዳቦ በላን።

"አባዬ፣ ልጅ ሆነህ አትፈራም ነበር?" አለች ልጄ።

"እፈራ ነበር" አልኳት።

ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። ጉዳዩ ያለቀው አርብ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።