የገንፎው ምስክርነት

ናፍታሊን በሸተተኝ ቁጥር ፍርድ ቤት ትዝ ይለኛል። እማዬ የክት ነጠላዋን ከሣጥን የምታወጣው ለመድኃኔዓለም ንግሥና ለቀብር ብቻ ነበር፤ ትምህርት ቤት ልገባ በነበረበት ዓመት ግን ለችሎትም ታወጣው ጀመር፣ እኔም ከአየር ጤና በተሳፈርንበት ታክሲ ውስጥ ትከሻዋን ተደግፌ ያንን ሽታ እየሳብኩ እሄድ ነበር።

እማዬ አልወለደችኝም። የወለደችኝ ቀራንዮ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር የነበረች፣ ከቦንጋ የመጣች ወጣት ነበረች፤ እኔን በተገላገለች በሳምንቷ ሞተች። እማዬ ታቅፋኝ ቤቷ ገባች፣ ጎረቤቶቿም ሐዘኑ ወጣ ሲል እሷኑ አልጋ ላይ አስተኝተው፣ እንደ ማንኛዋም አራስ ገንፎ አገንፍተው አበሏት። ከዚያ ወዲያ «አልወለደቻትም» ማለት በሰፈሩ ነውር ሆነ፤ እኔም ነገሩን በጨረፍታ ባውቅም ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ለትምህርት ቤት የልደት ወረቀት ሲጠየቅ እማዬ በጉዲፈቻ ልታሳድገኝ ለፍርድ ቤት አመለከተች። በሕግ ሞግዚቴ የወላጅ እናቴ ወንድም ነበርና ከቦንጋ ድረስ መጥቶ ተስማማ፤ ሲስማማ ግን «ፍርድ ቤቱ እንቢ ካለ እኔው እወስዳታለሁ፣ የእህቴ ልጅ ሜዳ ላይ አትቀርም» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ከረሜላም ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ እኔ ግን ከረሜላውን አልነካሁትም።

ግንቦት ላይ ምስክር ተሰማ። መጀመሪያ የቆሙት የግቢያችን ትልቅ ሴት፣ እትዬ አስካለ ነበሩ።

«ልጅቷ ለአመልካቿ ምኗ ናት?» አሉ ዳኛው።

«ምን ማለትዎ ነው ጌታዬ፣ ልጇ ናታ!»

«ወልዳት ነው?»

እትዬ አስካለ ዞር ብለው አዩኝ። «ታዲያስ! የአራስ ገንፎዋን ያገነፋሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ባለቤታቸው ጋሽ ታደሰም ተከትለው ቆሙና ቅቤውን የገዙት እሳቸው መሆናቸውን አስረዱ። ፍርድ ቤቱ የወለደች እናት የገዛ ልጇን በጉዲፈቻ የምትወስድበት ምክንያት የለም፣ ማመልከቻውና ምስክሩም ይጋጫሉ ብሎ ጥያቄያችንን ውድቅ አደረገው።

እማዬ ይግባኝ አለች፤ ነገር ግን ክረምቱ ገብቶ ፍርድ ቤት ለእረፍት ስለተዘጋ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየዋለ እኛም ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር። እማዬ ወፍራም ሹራብ ትሠራልኝ ጀመር፣ እየሠራችም ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ቦንጋ ይበርዳል?» ትል ነበር። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። እትዬ አስካለም አንዳንድ ቀን ብቅ ብለው «ልጅቷ ፊት አልወለደቻትም ልበል እንዴ? ምላሴ ይቆረጥ!» እያሉ ያለቅሱ ነበር፤ እማዬ ግን አንድም ቀን አልተቆጣቻቸውም፣ ሻይ ቀድታ ታቀርብላቸውና ወደ ሹራቧ ትመለስ ነበር።

ጥቅምት ላይ ፀሐይ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ተጠራን። የይግባኝ ችሎቱ የመሐል ዳኛ ሌላ ምስክር አልፈለጉም፣ እማዬን ራሷን አስነሷት።

«በግልጽ ይንገሩን፤ ወልደዋታል ወይስ አልወለዷትም?»

እማዬ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ ጆሮዎቼን በሁለት መዳፏ ግጥም አድርጋ ከድና፣ በሹክሹክታ «አልወለድኳትም» አለች። ሰምቻታለሁ። ዳኛውም ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ አላሏትም። የሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ተሻረ፣ ጉዲፈቻው ጸደቀ፣ አጎቴም ስልክ ሲደወልለት «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ማር ላከልን።

አሁን ሰፈሩ በፎቅ ተሞልቷል፣ እትዬ አስካለም አርፈዋል፣ ልጅ በጉዲፈቻ ማሳደግም ሰው በግልጽ የሚያወራው ነገር ሆኗል። እማዬ አርጅታ ስኳር በሽታ ይዟታል። ባለፈው ሰሞን ራሴን ሲያመኝ ካልሸኘሁሽ ብላ አብራኝ ክሊኒክ መጣች፣ ወጣቱ ሐኪምም ከቤተሰቤ ስኳር ያለበት ሰው እንዳለ ሲጠይቀኝ፣ ሳላስበው «አዎ፣ እናቴ» አልኩት። እማዬ ከወንበሯ ብድግ አለች። ያን ጊዜ ለዳኞች በሹክሹክታ የነገረቻቸውን፣ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ ጮክ ብላ ተናገረችው።

«ኧረ አልወለድኳትም ዶክተር! የኔን በሽታ እንዳይጽፉባት!»