የእረፍት ሰዓት ገምጋሚ

በትምህርት ቤታችን ሕፃናቱ ንዴታቸውን እንዲያበርዱና ተስማምተው እንዲጫወቱ የምናስተምርበት ፕሮግራም ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ ሳለ ገምጋሚዋ መጡ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፤ ጫማቸው ተወልውሎ ያበራል፤ በእጃቸው ትልቅ የወንድ ሰዓት አስረዋል። ክፍሉን አሳምረን ብንጠብቃቸው ከደጃፉ አላለፉም።

"ትምህርቱንማ ለእንግዳ ታሳምሩታላችሁ፤ እኔ የምፈልገው እረፍት ሰዓቱን ነው" አሉኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ከዥዋዥዌው አጠገብ፣ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን አንዷ ልጅ ሌላዋን ገፍትራ ዥዋዥዌውን ቀማቻት። ልሮጥ ስል ቀሚሴን ያዙኝ።

"ቆይ ልጄ፤ እስቲ ራሳቸው ይፍቱት።"

የወደቀችው ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች፤ በረጅሙ ተነፈሰች። "ተናድጃለሁ" አለቻት። "አስር ጊዜ ተወዛወዢና ልቀቂልኝ።" ገፍታሪዋ ጮክ ብላ ቆጠረችና አስር ላይ ወረደች። ገምጋሚዋ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ የፕሮግራሙን ዕጣ የሚወስኑት ኃላፊ "ልጆቹ ተለወጡ ትላላችሁ፤ ማስረጃው የታለ?" ሲሉ፣ ገምጋሚዋ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። "እዚህ ከሠላሳ አንድ ጠብ ሃያ ሁለቱን የፈቱት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ፕሮግራሙ በሌለበት፣ ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን በተቀመጥኩበት በጎረቤት ትምህርት ቤት ግን ከሠላሳው አራቱን ብቻ።"

ኃላፊው ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አገላበጡት። "ይቀጥል" አሉ።

ደረጃውን ስንወርድ ገምጋሚዋ ሳቃቸው አመለጣቸው።

"አንቺ የምታዪው የወደቀችዋን ነበር" አሉኝ። "እኔ ዓይኔን ያልነቀልኩት ከገፍታሪዋ ነው። በልጅነቴ እሷን ነበርኩ። መውረድ እንደሚቻል ግን ማንም አልነገረኝም።"