ውሃ የማይጠግበው ግቢ

ሰፈሩ «አይነ ሚዛን» ይለዋል። ግንበኛ ነው፤ ሲሚንቶውንም አሸዋውንም የሚለካው በዓይኑ ነው። «ሚዛን ዓይን ለሌለው ሰው ነው» ይላል። ግራጫ ሊሾ ላይ እውነትም አይታማም። ባለቀለም ግን በዕድሜው ነክቶ አያውቅም፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው።

ታዲያ የሴት ልጁ አማት ግቢያቸው ቀይ ሊሾ እንዲሆን አማራቸው። ልጁን ለዚያ ቤት የዳረ ሰው እንዴት ብሎ «አልችልም» ይበል?

«ቀይማ የእጄ ሥራ ነው፣ እትዬ!» አለ።

ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ዝንብ ያረፈችበት ያህል እንኳ አልተሰማውም።

ሲሚንቶው ሲቦካ ዱቄት ቀለሙን በእፍኙ እየዘገነ ጨመረ። ጠዋት እጁ ደረቅ ስለነበር ትንሽ ዘገነ። ከሰዓት እጁ ርሶ ዱቄቱ እየተጣበቀበት ብዙ ገባ። ቡኮውንም አንዴ አቀጠነው፣ አንዴ አወፈረው። እርጥብ ሳለ ሁሉም ያው ነው፤ የበሰለ ቲማቲም! እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አደነቁና ለዘመድ ሁሉ ደወሉ።

ሲደርቅ በበሩ በኩል ያለው ድድ መሰለ፣ መሃሉ ጡብ፣ ጥጉ ደግሞ በእጥበት ብዛት የነጣ ካልሲ። አይነ ሚዛን ማልዶ መጥቶ አየው። የውሃ ጎማውን አነሳና ግቢውን አጠጣው። ወዲያው እኩል ቀላ!

«ምነው በጠዋቱ?» አሉ እትዬ ብቅ ብለው።

«ኮንክሪት ውሃ ካልጠጣ አይጠነክርም።»

ይሄ እውነት ነው። ውሸቱ የተጀመረው መጠንከር ያለበትን ያህል ከጠነከረ በኋላ ነው። አይነ ሚዛን ማጠጣቱን አልተወም። ከሥራ ቦታ እየሾለከ ሁሉ ይመጣል።

«አባዬ፣ እያዳለጠን ነው፤ አይበቃውም?» ትለዋለች ልጁ።

«ገና አልጠገበም።»

አንድ እሁድ የእትዬ ዘመዶች ግቢውን ሊያዩ መጡ። ወንበር ተደረደረ፤ እንግዶቹ እግራቸውን ከውሃው አንስተው ተቀመጡ። እሱ ጎማውን ይዞ ዙሪያቸውን ይሽከረከራል። እትዬ ቀስ ብለው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«አማቼ፣ ይዝጉት።»

«ትንሽ ይጠጣ እንጂ፣ እትዬ…»

«ማታ ማታ እኮ ይደርቃል» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ሁላችንም እናየዋለን። ከመጀመሪያው ጀምሮ። ልጅዎ ናት ‹አባዬ እንዳያፍር ዝም በሉልኝ› ብላ የለመነችን።»

ቧንቧውን ዘጋ። ፀሐይዋም ለሰው ገመና የማታዝን ናትና ከረር ብላ ወጣች። በእንግዶቹ ፊት መጀመሪያ ድዱ፣ ቀጥሎ ካልሲው ብቅ አለ። ሁሉም ሰማይ ሰማይ አዩ። ልጁ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ተመኘ። ግን ኮንክሪቱን የሞላው ራሱ ነው፤ ያን ሁሉ ውሃ አጠጥቶት የት ሊሰነጠቅ!