ዘጠኙን የፈለግኩ ዕለት

በጨፋ የመስኖ ውሃ የሚደርሰን በተራ ነው። ከቦርከና ወንዝ የሚወጣው ቦያችን የላይኞቹንና እኛን የታችኞቹን ያጠጣል፤ በየሳምንቱ ማን እንደሚቀድም የሚለየው ዕጣ ነው። የላይኞቹ ጠጠር፣ እኛ የማሽላ አገዳ ቁራጭ እንሰጣለን። ውሃውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ሁለቱን ከፎጣቸው ሥር ያምታቱና አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይጨብጣሉ። ከዚያ ምንም የማያውቅ መንገደኛ ተጠርቶ አንዱን እጅ ይመታል፤ በተመታው እጅ ዕጣው የተገኘ ወገን ይቀድማል።

የዚያ በጋ የውሃ አባት ከላይኞቹ ወገን የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ደግሞ ባሌ ከሞተ ወዲህ በሽንኩርት የማድር ሴት ነኝ፤ ውሃ ሲዘገይብኝ አልችልም። ከመሠረተ ትምህርት ያገኘኋት ቁጥር ነበረችኝና ዕጣ በወጣ ቁጥር ግድግዳዬ ላይ በከሰል አሰምር ነበር። ሃያ ዕጣ ሲሞላ ቆጠርኩ። የላይኞቹ አሥራ ሦስት፣ እኛ ሰባት። ቀጥ ያለ ዕጣ ቢሆን አሥር አሥር ይደርሰን ነበር ብዬ ደመደምኩ።

ሰው ለዱዓ በተሰበሰበበት ተነሳሁ።

«አንቱ፣ ጠጠሩ የቱ እጅ እንዳለ ለመንገደኛው በዓይን ይጠቅሱታል!»

«እኔ? ቁርኣን ይምጣና ልማል?»

«የማይምል ሌባ የት አለ!»

ሰው ሳቀ። እሳቸው የውሃ አባትነቱን ትቻለሁ ብለው ወጡ። ሽማግሌዎቹም፣ «ለጁምዓ ማስረጃ አምጪ፤ እውነት ከሆነ እሳቸው ከእንግዲህ ከእኛ ጋር አይቀመጡም» አሉኝ።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጄ ልጅ ለእረፍት መጥታ ነበር። አኮ ትለኛለች፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው። «በዚያ ኮምፒውተርሽ ሌብነቱን አውጪልኝ» አልኳት።

ኤክሴል የምትለውን ከፈተች። ከዜሮ እስከ ሃያ ያለውን ቁጥር ወደ ታች ደረደረችና ከእያንዳንዱ ጎን ዕድሉን አስሞላች። ከአሥራ ሦስት ጀምሮ እስከ ሃያ ያለውን ደመረች።

«አኮ፣ ዕጣው ንጹሕ ቢሆን እንኳ የላይኞቹ አሥራ ሦስትና ከዚያ በላይ የሚያገኙት ከመቶ አሥራ ሦስት ጊዜ ነው።»

«ይኼ ብዙ ነው ትንሽ?»

«ሌባ ለማለት አይበቃም፤ ቁጥሩ በጣም ማነስ ነበረበት። ልክ አሥር አሥር የሚወጣው ራሱ ከመቶ አሥራ ስምንት ጊዜ ገደማ ብቻ ነው።»

«ሌላ ስሌት የለሽም?»

ነበራት። ዕድሎቹን በሥዕል ብታወጣቸው መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ደወል መሰሉ። በዚያ ደወል ጠርዝ ላይ ለስላሳ መስመር አስኬደችና በመስመሩ አሰላች። ከመቶ ዘጠኝ ብቻ ወጣ።

«ይኸው! እሱን ጻፊልኝ!»

«ቆይ፣ ግማሿን ረሳሁ። ከአሥራ ሁለት ተኩል ነበር መነሳት ያለብኝ።»

«ግማሽ ዕጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዕጣው ከአሥራ ሁለት ወደ አሥራ ሦስት እንደ ደረጃ ይዘላል፣ መስመሩ ግን ይንሸራተታል። ግማሿ ናት የምታስማማቸው።» አስተካከለችው። እሱም አሥራ ሦስት ሆነ።

«ግድ የለም፣ ዘጠኙን ጻፊ» አልኳት።

እጇን ከማሽኑ አንስታ አየችኝ። «አኮ፣ ይኼን የምትይው አንቺ ነሽ?»

እኔ ነበርኩ። በገበያ የሚዛን ድንጋይ የጎደለ ሲመስለኝ ነጋዴ አስቁሜ የማስመዝን፣ የልጆች ዳቦ እንኳ በክር ለክቼ የምቆርስ ሴት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ያሰመርኩት ከሰል ደግሞ እዚያው ነበር።

ጁምዓ ስትደርስ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ፣ «ማስረጃ የለኝም። ንጹሕ ሰው ነው የሰደብኩት። አፉ ይበሉኝ» አልኩ።

«አፉ ብያለሁ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ የሰደብኳቸው ሽማግሌ። የውሃ አባትነቱን ግን ቢለምኗቸውም መልሰው አልያዙም። «ከእንግዲህ እጄን ባየሁ ቁጥር የሰው ሳቅ ይሰማኛል» አሉ።

አፉ ያሉኝ ለምላሴ ነው። የሐሰቱን ቁጥር ይዤ ልመጣባቸው እንደነበር አያውቁም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆመው ስለ ሽንኩርቴ ይጠይቁኛል፤ እኔም ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ከዚያ ስለ ሽንኩርቱ ብቻ መልሼ አልፋለሁ።