የእትዬ አስካለ ቲቪ ላይ ያየኋት መስመር

ወገኖቼ፣ የቆማችሁ ተቀመጡ፣ የተቀመጣችሁ ግድግዳ ተደገፉ። ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካዛንቺስ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እጅግ ከባድ ነገር ደርሷል። ለመናገር አፌ እየተንቀጠቀጠ ነው... ግን እናገራለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ልጃቸው ካገባች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ያቺ ጀርባዋ የተቆለለ የድሮ ቲቪያቸው ከሞተች ጀምሮ ማታ ማታ «ጨው አላችሁ?» እያሉ እኛ ቤት ይመጡና ጨዉን ይዘው በር ላይ ቆመው ዜና ያያሉ። ቁጭ ይበሉ ስንላቸው «አይ፣ ልሄድ ነው»። ዜናው አልቆ ድራማ ይጀምራል... እሳቸው አሁንም ልሄድ ነው።

በመጨረሻ ከጡረታቸው ቆጥበው ቆጥበው የአዲስ ቲቪ መግዣ ብሩን አጠራቀሙና ለማን ሰጡት? ለእኔ!

«ዓይኔ ደህና አይደለም፣ አንተ ይሄን ነገር ታውቃለህ። ትልቅ ይሁንልኝ፣ ትንንሹ ጽሑፍ አይታየኝም» አሉኝ።

እናቴ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ለሱ? ለሱ ሰጡት? እንግዲህ እግዜር ይሁንዎ።»

አልፈረድኩባትም። ባለፈው ሳምንት ብቻ እትዬን «ሊፍት ሊገጠምልን ነው፣ የነዋሪው ክብደት እየተመዘገበ ነው» ብዬ ከነነጠላቸው ሚዛን ላይ አቁሜያቸዋለሁ። ግን ማለቴ... በሕይወቴ ማንም ሰው ዳቦ ከመግዛት ያለፈ ነገር አምኖ ሰጥቶኝ አያውቅም። በቃ፣ ይሄን ካበላሸሁ ሁለተኛ የሚያምነኝ የለም።

ደምበል አካባቢ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። በእሳቸው ብር ስሙ የታወቀ ሠላሳ ሁለት ኢንች ይገዛል፣ ወይም ስሙን ማንም ያልሰማው አርባ ሦስት። እትዬ ማየት የሚፈልጉት ጽሑፉን ነው፣ ስሙ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ አርባ ሦስቱን ያዝኩ። ሻጩ ሰክቶ አበራው። እኔም ብልጥ ነኝ፣ በፍላሽ ይዤ የሄድኩትን ሙሉ ነጭና ሙሉ ቀይ ፎቶ ከፍቼ የማይበራ፣ የሞተ ነጥብ እንዳለው ፈለግኩ። ንጹህ።

«አየህ አይደል ብሮ?» አለ ካርቶኑን በፕላስተር እያሸገ። «አቁመህ ውሰደው፣ እንዳታጋድመው። ስክሪን ዋስትና የለውም። ከዚህች በር ከወጣህ አንተና እኔ አንተዋወቅም።»

ኮንትራት ታክሲ መያዝ ነበረብኝ። የእትዬን ብር ላተርፍ ብዬ ሚኒባስ ገባሁ። ረዳቱ ካርቶኑን አይቶ «ይሄ ለብቻው ይከፍላል» አለ።

«ልጅ ነው፣ እታቀፈዋለሁ።»

«አርባ ሦስት ኢንች ልጅ?!»

ተሳፋሪው ሲስቅ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ከኋላዬ የነበረ ግዙፍ ሰውዬ ሙሉ ክብደቱን ካርቶኑ ላይ ጣለው። ቀጭ! የሚል ነገር ሰማሁ። ወይ ካርቶኑ ነው፣ ወይ የሰውዬው ጉልበት፣ ወይ... ሦስተኛውን ማሰብ አልፈለግኩም።

አራት ፎቅ ተሸክሜ ወጣሁ። እትዬ ቡፌውን ወልውለው፣ ዳንቴሉን አጥበው ተኩሰው እየጠበቁኝ ነው። መብራት የለም። እግሮቹን በብሎን አሰርኩ፣ ቡፌው ላይ አቆምኩት፣ ሪሲቨሩን ሰካሁ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ... አየኋት።

ቀኝ ጥግ ላይ። ቀጭን መስመር፣ ጫፏ እንደ ዛፍ ሥር የተበታተነ። ጣቴን አሳለፍኩባት። ጎረበጠችኝ።

ቶሎ ብዬ ዳንቴሉን ጥጉ ላይ ጣል አደረግኩት።

«ምነው አጣመምከው?»

«አሁን ፋሽኑ እንዲህ ነው እትዬ።»

መብራት እስኪመጣ ሁለታችንም ጥቁር ስክሪን ፊት ለፊት ተቀመጥን። እሳቸው ሪሞቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ይደባብሱታል። «እፎይ፣ ዛሬስ እናንተ ቤት አልመጣም» አሉ። «እናትህን ስንት ቀን አስቸገርኳት...»

ይሄኔ አልቻልኩም።

«እትዬ... ስክሪኑ ተሰንጥቋል።»

ከት ብለው ሳቁ። «ሂድ አንተ ቀጣፊ! ሚዛንህን አምጣና እንመዝነው።»

«እናቴ ትሙት! ታክሲ ውስጥ ሰው ተደገፈበት።»

«እናትህን ስንቴ ገደልካት አንተ ልጅ?»

ዳንቴሉን ገለጥኩት። ሳቃቸው ቆመ። መነጽራቸውን አወጡ፣ በነጠላቸው ጠርዝ ወለወሉት፣ ጠጋ ብለው አዩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አልዋሽም፣ በሩን እያየሁ ነበር።

መብራት መጣ። እትዬ ሪሞቱን ተጫኑ። የዜና አንባቢዋ ፊት ጥርት ብሎ ወጣ... መስመሯ ግን ጆሮዋ ላይ አለች። እትዬ ጥፍራቸውን ጥጉ ላይ ሰደዱት። ጫር ጫር አደረጉ። የስክሪኑ ጥግ ተነሣ!

«እትዬ አይላጡት!» ብዬ ጮህኩ።

ሸርርርር... ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ስስ ላስቲክ ተገሽልጦ እጃቸው ላይ ቀረ። መስመሯም አብራው። ሥር የነበረው ስክሪን እንደ መስታወት ያበራል። ለካ ከፋብሪካ ለብሶት የመጣውን ላስቲክ ነው ስንጥቅ ብዬ ያለቀስኩለት።

«አርባ ዓመት ሙሉ በላስቲክ የተሸፈነ ደብተር ሳርም ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል?» አሉና አተኩረው አዩኝ። «ደግሞ እውነት ስትናገር ፊትህ እንዲህ አመድ ይሆናል እንዴ? አሁን ገና አወቅኩህ። ፍሪጅ ስገዛም አንተ ነህ የምትሄደው።»

እና ወገኖቼ፣ ደረሰ ያልኳችሁ ከባድ ነገር ሲጣራ አንድ ላስቲክ ተጨማደደ... እሱንም እትዬ «ይጠቅማል» ብለው አጥፈው ቡፌ ውስጥ ከተውታል።