ባዶ ጋቢና

በሰቆጣ ባዶ ጋቢና የሕዝብ ነው። ከሾፌሩ ጎን ሰው እንደሌለ ከታየ መኪናው ገና ከግቢ ሳይወጣ መስኮቱ ይንኳኳል። አንዷ ጋዝጊብላ ያለች እህቷን መጠየቅ ትፈልጋለች፣ ሌላው የሚልከው ግማሽ ኩንታል ገብስ አለው፣ ሦስተኛው የት እንደሚሄድ ገና አልወሰነም፤ መኪና ከተገኘ ግን ይሄዳል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሁሉንም ይጭን ነበር። አሁን አሮጌዋ ፒካፕ የኔ ናት፤ መንጃ ፈቃድም አለኝ። የምፈልገው አንድ ቀን ብቻዬን እስከ ጋዝጊብላ ተራራ ወጥቼ መመለስ ነበር።

ለምን ብቻዬን እንደሆነ ለማንም አልተናገርሁም። እሱ ካረፈ ስምንት ወር ሆኖታል፤ በስምንት ወር ውስጥ ሰው አጠገቤ ሳይኖር የዋልሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተውም። መጀመሪያ ዘመድ አብሮኝ አደረ፣ ቀጥሎ ጎረቤት ተራ ገባ። ከልባቸው ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኔ ችግር ሳቅ ነው። ባለቤቴ ፒካፗ ዳገት ላይ በደከመች ቁጥር መሪውን እየመታ በኽምጣና ይሰድባት ነበር። አማርኛ የቢሮ ቋንቋ ስለሆነ አይገባትም ይላል። አንድ ቀን መስኮቱን ከፍቶ ሲሰድባት፣ መንገድ ዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ እሳቸውን የሰደበ መስሏቸው ቃል በቃል መለሱለት። እሱም መኪናውን አቁሞ መልስ ሰጠ። ስድቡ አልቆባቸው ሲተያዩ፣ ሽማግሌው በሩን ከፍተው ጋቢና ገቡና መንገዱን ቀጠልን፤ እኔ መሐል ተጣብቄ።

ይህ ትዝ የሚለኝ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው አጠገቤ ሲቀመጡ ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ እጭናለሁ፣ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፣ እነሱም አይዞሽ ይሉኛል። ጥቁር የለበሰች ሴት ስትስቅ ብትታይ ወሬው የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ስለዚህ ተራራው ላይ ወጥቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ እስኪወጣልኝ መሳቅ አማረኝ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋርጥ አለ። ዛሬስ ማንም አይመጣም ብዬ የአምናን ካላንደር ገልብጬ መንገዱን ሳልሁ። በአንደኛ ማርሽ የሚወጣው ዳገት የት እንደሚጀምር፣ ጭቃው የት እንደሚይዝ፣ ለራዲያተሩ ውኃ የት እንደሚገኝ ጻፍሁ። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ቤትም እረኛም የማይኖርባቸውን ሰባት ቦታዎች ከበብሁ። መሳቂያዎቼ ናቸው።

ቀዩ ቀለም ሳይደርቅ ተከራዬ ገባ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመሬት ልኬት ባለሙያ ነው። ጣራው ስላፈሰሰበት ሳፋ ሊዋስ ነበር የመጣው፤ ወረቀቱን ሲያይ ግን ሳፋውን ረሳው። ሰሜንን ወደ ላይ አዞረና ቀዮቹን ክቦች እየነካ ቆጠረ። ናዳ የሚወርድባቸው ቦታዎች መስለውታል። ሰባት አደገኛ ቦታ ባለበት መንገድ እትዬ፣ ብቻዎን አልልክዎትም፣ ፈቃድ ጠይቄ አብሬ እሄዳለሁ አለ። እውነቱን ከምናገር ጎረቤቴ አብራኝ እንደምትሄድ፣ ጋቢናው እንደተያዘ ነገርሁት። እፎይ ብሎ ሳፋውን ይዞ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ ራሷ ላስቲክ ተከናንባ ደረሰች። ሱቅ አላት፤ ሃያ ዓመት የኖርነው በአንድ አጥር ነው። ጨርቅ ገዢ ከቤቱ በማይወጣበት ዝናብ ሱቋን ዘግታ ብቻዬን እንዳልሆን መምጣቷ ነበር። ካላንደሩን በቴርሞስ ልሸፍነው ስል ቀደመችኝ። ጋዝጊብላ የሚለውን ስታነብ የወንድሟ ሚስት እዚያ መውለዷ ትዝ አላትና ጋቢናው የኔ ነው አለች። እኔም ያው አንዴ ጀምሬዋለሁ፤ ተከራዬ የመለኪያ መሣሪያውን ይዞ ስለሚሄድ ቦታ የለም አልኋት። ቅር እያላት ሻይ ቀዳች።

ሁለቱም አምነውኝ ነበር። ያላሰብሁት ሳፋው መሙላቱን ነው። ተከራዬ ሊደፋው ሲወጣ እሷን አያትና በራችን ላይ ቆሞ፣ እትዬን ብቻቸውን ስላልተዉልኝ አመሰግናለሁ አላት በትሕትና።

«እኔ? የምትሄደው አንተ አይደለህ እንዴ?»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ጎረቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «በይ ተናገሪ» አለች፤ «ማንን ልትጭኚ ነው?»

«ማንንም። መሳቅ ፈልጌ ነው።»

የሽማግሌውን ነገር፣ የነጠላዬን ነገር፣ የቀዮቹን ክቦች ነገር ሁሉ ነገርኋቸው። ተከራዬ ሳፋውን እንደያዘ ቀረ። ጎረቤቴ ግን ባለቤቴ ፒካፗን ምን ብሎ ይሰድባት እንደነበር ጠየቀችኝ። ድምፄን አወፍሬ፣ ልክ እሱ እንደሚለው፣ በኽምጣና አልሁት። ላስቲኳ ከራሷ ወደቀ። ወንበሩን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ጥቁር እንደለበስሁ፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ። ተከራዬ እንድትተረጉምለት ሲለምናት አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንህ አይሆንም አለችው።

እሱ ነገር ማጣራት ይወዳል። እንግዲህ እዚሁ ከሳቁ ጉዞው አያስፈልግም ማለት ነው አለኝ።

«አያስፈልግም» አልሁት። «የሚያስፈልገውንማ ስምንት ወር ሙሉ ስሠራ ከርሜያለሁ። አሁን የማያስፈልገኝን ልሂድ።»

ጎረቤቴ ዓይኗን እየጠረገች ትንሽ አሰበች። እኔ ብተውሽ ሌላው አይተውሽም፤ በር ላይ ሰው ተሰልፎ ይጠብቅሻል አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወላሂ፣ መኪናዋ ፍሬን የላትም ብዬ አወራልሻለሁ» አለች።

ቃሏን ጠበቀች። በማግስቱ ወፍጮ ቤት ያገኘኋት ሴት እጄን ይዛ ያቺን መኪና እንዳልነካት ለመነችኝ። ለገብስ ጭነት ወር ሙሉ ሲጠይቀኝ የከረመው ሰውዬ ሰላም ብሎኝ ብቻ አለፈ። ጋቢናዬን የሚፈልግ አንድም ሰው አልቀረም። ደስ እያለኝ ወደ ቤት ስመለስ፣ ከፒካፗ ሥር ሁለት ጫማ ወጥቶ አየሁ። ተከራዬ ነው፤ ማዳበሪያ አንጥፎ ጭቃው ላይ ተንጋሏል። ወሬው ሲፈጠር እዚያው ቆሞ የሰማ ሰው!

«እትዬ» አለኝ ከሥር ሆኖ፣ «ፍሬኗ ግን የእውነት ደህና ነው?»