ክርን የሚያውቀው ሙቀት

አላህ ይዘንላቸውና፣ አጎቴ ቡራዩ ካለው ሱቃቸው ጓዳ የከለር ፊልም በገዛ እጃቸው ያጥቡ ነበር። የመድኃኒቱ ጠርሙሶች የሚዘፈዘፉበትን ሙቅ ውሃ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው በክርናቸው ነበር የሚለኩት።

«ስልክ እያለ ምን ያደክምዎታል?» እላቸዋለሁ።

«ስልክ ወዲያው ያሳይሃል፤ ፊልም ያስጠብቅሃል። ሰው የጠበቀውን ነገር አይጥልም።»

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ሰሞን አዲስ አበባ ወዳለሁበት ደወሉልኝ። «ሱሉልታ ሳነሳበት የነበረው ፊልም አልቋል። ቅዳሜ ናና አብረን እናጥበው።»

«መንገድ ተዘግቷል» አልኳቸው። የዚያን ቀን አልተዘጋም ነበር፤ ታክሲው ይሠራ ነበር፣ የሰነፍኩት እኔ ነኝ።

«እሺ፣ ሲከፈት ትመጣለህ፤ እጠብቅሃለሁ» አሉኝ።

በሳምንቱ መንገዱ የምር ተዘጋ፣ እሳቸውም አረፉ። ልጅ ስላልነበራቸው ጀናዛቸውን ማጠብ የእኔ ድርሻ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ሬሳ አያድርም። ጎረቤቶች አጥበው፣ ከፍነው ቀበሯቸው።

ያ ፊልም አሁን እኔ ጋ ነው። ትናንት ላጥበው ውሃ አሞቅሁና ክርኔን ነከርኩ። ሙቀቱ ልክ እንዳስተማሩኝ ነበር። የእሳቸውን የመጨረሻ ውሃ የለካው ግን የሌላ ሰው ክርን ነው።